በሰው አገር ያገለገለ ሞተር ብስክሌት፦ ወረቀቱ ይቅደም ወይስ ሞተሩ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰው አገር መኖር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራ የምገባው ገና ሳይነጋ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ወስኛለሁ። ከፊቴ ሁለት አሉ። አንደኛው የሚሠራ፣ ዛሬውኑ ተነድቶ ቤት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የምዝገባ ደብተሩ በሌላ ሰው ስም እንደሆነ፣ ያም ሰው አገር ለቆ እንደሄደ ሻጩ ራሱ ነግሮኛል። ሁለተኛው ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ባለ 250 ሲሲ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መጠለያ ሥር ቆሟል፤ አይነሣም። ወረቀቱ ግን በሻጩ በራሱ ስም ነው፤ ከመጀመሪያው ገዢ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ሰነድ አንድም ሳይጎድል በአንድ አቃፊ ውስጥ ተቀምጧል።

አቋሜ ይህ ነው፦ ከአገሩ ውጭ የሚኖር ሰው የማይነሣውን መግዛት አለበት። የቆመ ሞተር በትዕግሥትና በመለዋወጫ ይነሣል። የተበላሸ ወረቀት ግን የአገሩን ሕግ ጠንቅቆ ለማያውቅ፣ ቋንቋው ገና ላልገራለት፣ ደጅ የሚጠናለት ዘመድ ለሌለው ሰው አይቃናም። ተሳስተሃል የሚል ካለ ያርመኝ። ካልተሳሳትኩም፣ የማይነሣ ሞተር ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልመርምር?

(ኋላ የተጨመረ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረክ ውይይት፣ ረዝሟል፤ ዘግይተው የሚገቡ ሰዎችም የተመለሰውን ጥያቄ ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ምላሾቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። የማልስማማበትንም አልሸሸግኩም።)

ምላሽ 1

ሰላምታ አስቀድሞ አቋሜን እንደሚደግፍ ጻፈ። ሆኖም ወረቀቱ ሙሉ ነው ማለት ከብረቱ ጋር ይስማማል ማለት እንዳልሆነ አሳሰበኝ። የሻንሲ (የአካሉ ዋና ብረት) ቁጥሩ የፊት ሹካው በሚታሰርበት አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል፣ ጣት እያስነኩ ማመሳከር ያስፈልጋል። ያላወቅኩትንም ጨመረልኝ። ዓለም አቀፉ የተሽከርካሪ መለያ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። 17 ሆኖ ሳለ ከእነዚህ አንዱ ከታየበት ቁጥሩን ያላግባብ የነካው ሰው አለ።

ምላሽ 2

አጭርና ቁጡ ነበር። የማይነሣ ሞተር የሚሸጥ ሰው ሁሉ ካርቡራተሩ ሲጸዳ ይነሣል እንደሚል፣ እሱም ይህን አምኖ እንደገዛ፣ ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ካጸዳ በኋላ የተቃጠለ ቫልቭ እንዳገኘ፣ ነገሩም ስምንት ወር እንደፈጀበት ጻፈ። ሻጩ እየነዳ ካላሳየኝ በቀር እንዳልገዛ አስጠንቅቆ ዘጋው።

ምላሽ 3

በብሪታንያ የምትኖር እህት ከጽሑፌ ውስጥ አንድ ቃል አረመች። ደብተር ያልኩት ነገር በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። እሷ ባለችበት አገር ቪ 5 ሲ የሚባለው የምዝገባ ሰነድ የሚናገረው ተሽከርካሪውን የያዘውና ተጠሪው ማን እንደሆነ ብቻ ነው፤ የባለቤትነት ማስረጃ እንዳልሆነ ራሱ ሰነዱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ የተፈረመ የሽያጭ ደረሰኝ መያዝና ያልተከፈለ የብድር ዕዳ እንደሌለበት ማጣራት ግድ ነው። የየዓመቱን የቴክኒክ ምርመራ ታሪክ ደግሞ ታርጋውን ብቻ አስገብቶ ማንም ሰው በነጻ ማየት ይችላል። ልትገዛው የነበረው ሞተር ብስክሌት ቆጣሪው ከሁለት ዓመት በፊት ካሳየው ያነሰ ርቀት እንደሚያሳይ የደረሰችበት በዚህ መንገድ ነው። ሻጩን አልተጣላችም፤ ያየችውን ነግራው ሄደች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የመክፈቻ ጽሑፌ ችኮላ እንዳለበት ገባኝ። ወረቀት ወረቀት ስል የማውቀው የአንድ አገር ወረቀት ነበር።

ምላሽ 4

ከጃፓን የጻፈው ሰው ምላሽ 1ን በትሕትና አረመ። 17 አኃዝ ያለው መለያ በሁሉም ላይ አይገኝም፤ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶች አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው። እነዚያ ያገለገሉ ሆነው ወደ ሌሎች አገሮች ስለሚላኩ፣ ቁጥሩ አጭር ስለሆነ ብቻ የተሰረቀ ነው ማለት ስሕተት ነው። ሁለተኛው ነጥቡ ይበልጥ ጠቀመኝ። በጃፓን እስከ 250 ሲሲ ያሉት በየሁለት ዓመቱ ከሚደረገው የግዴታ ምርመራ ነጻ ናቸው፤ የግዴታ ኢንሹራንሱ ግን አይቀርላቸውም። ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ 250 ይመርጣል። በዚያው ልክ ፍሬኑንም ሆነ ጎማውን ባለሙያ ሳያየው ዓመታት የሚያልፉበት ብዙ ነው።

ምላሽ 5

የክሩ ምሰሶ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት በመካኒክነት እንደሠሩ የገለጹ አባት ረጅም ትምህርት ጻፉ። እኔም ቃል በቃል ባይሆንም ሳልቆርጥ ላስተላልፈው እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሞተሩ የተጣበቀ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። ካንዴላውን ፈትቶ፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቶ፣ የኋላውን ጎማ በእጅ ወደፊት መግፋት። ከዞረ መልካም። ካልዞረ በጉልበት አለመታገል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሶ ለቀናት መተው፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ። ከመግዛት በፊት የተጣበቀ ሆኖ ከተገኘ ግን ዋጋውን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ በቀር አለመስማማት።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት። መለኪያው በካንዴላው ቦታ ይታሰራል፤ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩ ደጋግሞ ይረገጣል። ልኬቱ ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ጨምሮ እንደገና መለካት። ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ካልተነቃነቀ ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ቫልቩ ዘንድ ነው። ብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ለማስነሣት እንዲቀል ግፊት የሚቀንስ መሣሪያ ስላላቸው፣ በእነዚያ ላይ ዝቅ ያለ ልኬት ብቻውን አያስደነግጥም፤ የአምራቹን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ የነዳጁን መንገድ መከተል። የታንኩን ክዳን ከፍቶ በባትሪ መብራት ውስጡን ማየትና ማሽተት። የቆየ ቤንዚን የቀለም ቤት ዓይነት ጎምዛዛ ሽታ አለው። ቤንዚኑ ሲተን የሚተወው ሙጫ መጀመሪያ የሚደፍነው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሰፋውን የዝቅተኛ ዙር ቀዳዳ ነው። ቆሞ የኖረ ሞተር ተነሥቶ ጋዙ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነው። በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ በአየር ግፊት መንፋት ነው የሚሻለው።

ምላሽ 6 እና 7

የምላሽ 2 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። በረድ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽኑን ለክቶ ቢሆን ኖሮ የተቃጠለውን ቫልቭ ያገኘው እንደሆነ ጠየቀ። መካኒኩ ያለጥርጥር ያገኘው እንደነበር፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ እንደሆነ፣ ነገር ግን ማንም ሳያስተምረው ሊያውቀው ስለማይችል ራሱን እንዳይወቅስ መለሱለት። እኝህ ሰው ስሕተትን ሲያርሙ የሰውን ክብር አይነኩም። ከዚህ በኋላ የምላሽ 2 ጸሐፊ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ አልተቆጣም።

ምላሽ 8

ስለ ብሎን ነበር፤ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር። በጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች ከተለመደው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጋር እንደማይገጥሙ፣ የጃፓን ደረጃ የሆነው የራሱ ካቻቢቴ እንዳለው፣ ከመስቀሉ አጠገብ ትንሽ ነጥብ ያለው ብሎን ብዙውን ጊዜ የዚህ ወገን እንደሆነ አስረዳ። በተሳሳተው መሣሪያ ሲታገሉ ጫፉ ተንሸራትቶ ብሎኑን ይበላዋል። እኔ ከዚህ በፊት የጓደኛዬን ሞተር ስረዳ ሁለት የካርቡራተር ብሎን ያበላሸሁት ጉልበት አንሶኝ መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11

ክሩ ወደ ዘይት ዞረ። ምላሽ 9 የመኪና ዘይት ሞተር ብስክሌት ላይ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 10 ለዓመታት እንደጨመረ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ የተለየ ዘይት የሚባለው የነጋዴ ወሬ እንደሆነ ጻፈ። ምላሽ 11 ላይ አንድ ሌላ ባለሙያ በቁጣ ገባ፦ በአንድ ሰው ላይ አለመድረሱ ማስረጃ አይሆንም። በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) በአንድ ዘይት ይነከራሉ፤ ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብለው የሚሠሩ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ደግሞ ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ በዚህ ጊዜ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጃሶ ኤም ኤ የሚል የጃፓን ደረጃ ምልክት ያለው ዘይት የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ወፍራሞቹ የቆዩ የመኪና ዘይቶች ያ ቅመም ብዙም ስለሌላቸው የምላሽ 10 ጸሐፊ የተረፈው በዚያ ሳይሆን እንደማይቀርም አከለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን ሰውየውን ከክሩ አባረረው። መካሪ ሰው እንዲህ ሲሆን አዝናለሁ።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14

ይህን ባልጽፈው እወድ ነበር። ምላሽ 12 ወደ ምላሽ 3 ተመልሶ፣ ያቺ እህት የምትለውን ሁሉ የሠራላት ባልዋ እንደሆነ ጠየቀ። እሷም በምላሽ 13 የራሷን ሞተር ቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር፣ ፒስተኑ በመጭመቂያው ምት ከላይ ጫፍ ሲደርስ፣ በስስ ብረት መለኪያ እንዴት እንደምታስተካክል ደረጃ በደረጃ አስፍራ፣ ጠያቂው የራሱን መቼ እንዳስተካከለ ጠየቀችው። መልስ አልመጣም። ምላሽ 14 ይህ መድረክ ለዚህ ዓይነት ንግግር ቦታ እንደሌለው ሲጽፍ ብዙ ሰው ደገፈው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ምላሽ 15

ትኩረታችንን መለሰው። ስለ ሞተሩ ስንጨቃጨቅ ስለ ነጂው መንጃ ፈቃድ ማንም እንዳላነሣ ታዘበ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው መጽሐፍ የራስ አገር ፈቃድ ትርጉም ብቻ ነው፤ በዋናው ፈቃድ ላይ የሞተር ብስክሌት ምድብ ከሌለ በትርጉሙ ላይም አይኖርም። ደግሞም ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የቪየና ስምምነት መሠረት የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንዱን የሚቀበል አገር ሌላውን ላይቀበል ይችላል፦ ጃፓን የ1949ኙን፣ ቬትናም የ1968ቱን።

ምላሽ 16

ምላሽ 15ን አልተቃወመም፤ ግን ከእኔ ጥያቄ ጋር እንደማይገጥም አሳየ። ያ መጽሐፍ ለመንገደኛ ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው በአብዛኛው አገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፈቃዱን ወደ አገሩ ፈቃድ ማስለወጥ ወይም እንደ አዲስ መፈተን አለበት፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ መጽሐፉ ቢኖርም ያለ ፈቃድ እንደነዳ ነው የሚቆጠረው። እኔ የሞተር ብስክሌት ፈተናውን ባለፈው በጋ ስላለፍኩ አልነካኝም፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች ግን በዚህ ምላሽ ምክንያት ቀናቸውን ሄደው እንዳዩ ኋላ ላይ ነገሩን።

ምላሽ 17

አብሮት ይኖር የነበረ ሰው የመኪና ፈቃድ ብቻ ይዞ ሞተር ሲነዳ ወድቆ እግሩን እንደተሰበረ፣ ኢንሹራንሱም ተገቢው ምድብ የለህም ተብሎ እንደተከለከለ፣ የሆስፒታሉን ዕዳ አምስት ጓደኞች ተካፍለው እንደከፈሉ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የከፈለውን አንድም ጊዜ እንዳላነሣበት፣ ነገር ግን ሰውየው ያን ዕዳ እያሰበ ከጓደኞቹ እየራቀ እንደሄደ ጨመረ። ስለ ሕግ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ የቆየብኝ ይህ ነው።

ምላሽ 18

አቋሜን ከሥሩ የነቀለው ይህ ነው። ጸሐፊው ወረቀት ይቅደም ሞተር ይቅደም የሚለውን ክርክር ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ፣ ሞተር ባይነሣ ሰው እንደማይሞት፣ ወረቀት ቢጎድልም ሰው እንደማይሞት፣ ፍሬን ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ጻፈ። ሦስት ዓመት የቆመ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ዘይት ሲሞቅ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ አረፋ ነውና ፍሬኑ ሲያዝ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚመከረው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ዶት 5 የጨመሩ ሰዎች አሉ። የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ መያዝ አለመያዙንም የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ፣ ፍሬን ይዞ ለቆ፣ ጎማው እንደ ቀድሞው በነጻ መዞሩን በማየት ማወቅ ይቻላል።

ስለ ጎማም እንዲሁ። በጎኑ ላይ ከሚገኙት ምልክቶች DOT ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ያረጀ ጎማ ከሁሉ ይበልጥ አታላይ ነው፤ ዓይን ሙሉ ነው ይላል፣ ላስቲኩ ግን ደርቆ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም።

ሳላመነታ እቀበላለሁ። ሞተሩን ለማየት ሄጄ አርባ ደቂቃ ስቆይ ስለ ሰነዱ አሥር ጥያቄ ጠይቄ፣ ፍሬኑን አንድ ጊዜም አልጨበጥኩም ነበር።

ምላሽ 19፣ 20 እና 21

እዚህ ላይ ክሩ ከረረ። ምላሽ 19 በየትኛውም አገር ሻጭ የውጭ ሰው ሲያይ ዋጋ እንደሚጨምርና ጉድለት እንደሚደብቅ፣ ስለዚህ ከአገሬው ሰው ፈጽሞ እንዳንገዛ መከረ። ምላሽ 20 በጀርመን የሚኖር ሲሆን ተቆጥቶ መለሰ። የእሱ ሻጭ የምዝገባውን ሁለቱንም ክፍል ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ማርሚታው የተቀየረና በሰነዱ ያልጸደቀ እንደሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን ምርመራ በዚህ እንደማያልፍ፣ ዋናው ማርሚታ ግን ምድር ቤት እንዳለና አብሮ እንደሚሰጠው ሳይጠየቅ ነገረው። የደበቀው ሰው ካለ የገዛ አገሩ ልጅ ነበር፤ በፊት የገዛው ሞተር ከምዝገባ የተሰረዘ ሆኖ አገኘው።

ምላሽ 21 ሁለቱንም አስታረቀ። ማንም ይሁን ማን፣ ሰነዱን በቋንቋው አጥርቶ የሚያነብ ሰው ይዞ መሄድ ይገባል፤ የተሰረዘ፣ የተወገደ፣ ለጊዜው የታገደ የሚሉት ቃላት ባለማወቅ በአንድ እይታ የሚያልፉ ናቸውና።

ምላሽ 22 እና 23

አፓርታማ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሞተሩን የት ፈትቶ እንደሚሠራ ጠየቀ፤ እሱ የመኝታ ክፍሉን ጥግ አዘጋጅቷል። ምላሽ 23 አጥብቆ ከለከለው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተጉዞ የውኃ ማሞቂያ እሳት ያገኛል። ታንክና ካርቡራተር ከቤት ውጭ ይፈታል፤ ቤት የሚገባው ደርቆ የተጠረገ ዕቃ ብቻ ነው። በብዙ ከተሞች መሣሪያና ቦታ በሰዓት የሚያከራዩ ጋራዦች እንዳሉም ነገረን። እሱ ቋንቋውን የተማረው እንዲህ ባለ ጋራዥ ነው፤ ከሰላምታ ቃላት በፊት የብሎንና የኩሽኔታን ስም አወቀ፤ ያኔ መፍቻ ያዋሰው ሽማግሌ ዛሬ የልጁ ክርስትና አባት ነው።

ደጅ የሚጠናልኝ ዘመድ የለኝም ብዬ ስለጀመርኩ ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ምላሽ 24 እና 25

ምላሽ 24 ለውጭ ነዋሪ ከሁሉ የሚበጀው በዓለም የተሰራጨ ሞዴል መግዛት እንደሆነ ተከራከረ። ሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ በ2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ መለዋወጫው የማይገኝበት አገር ማግኘት ይከብዳል። ምላሽ 25 ለአንድ ሞዴል በየገበያው የተለያየ ስም እንደሚሰጠው፣ ስለዚህ መለዋወጫ በስም ሳይሆን በዕቃው ቁጥር መታዘዝ እንዳለበት ጨመረ። በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ሞተር የፊት መብራቱ ወደ ግራ ዳር እንዲያበራ ተደርጎ የተቆረጠ ስለሆነ፣ በቀኝ በሚነዳበት አገር ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን እንደሚወጋና በምርመራ እንደሚያስጥልም አስጠነቀቀ።

ምላሽ 26 (እኔ)

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ቋንቋውን የምትናገር የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ ነበረች። የሻንሲ ቁጥሩ ገጠመ። የሞተር ቁጥሩ ግን በሰነዱ 8 ባለበት ቦታ ብረቱ ላይ 3 ሆኖ ታየኝ፤ ልቤ ወረደ። ሻጩም ደነገጠ። ከጓዳው ነጭ ጋዝና የጥርስ ብሩሽ አምጥቶ ራሱ ተንበርክኮ ፈተገው፤ የጠነከረው ቅባት ሲለቅ የአኃዙ ግራ ጎን ብቅ አለ፤ 8 ነው። ጎማው በእጅ ሲገፋ ሞተሩ ዞረ። ኮምፕሬሽኑን በተዋስኩት መለኪያ ለካን፤ ዝቅ ያለ ነው፤ ዘይት ሲጨመርበት ግን አልተነቃነቀም። የቫልቩ ክፍተት ከተስተካከለ በኋላ እንደገና እለካለሁ። የፊት ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። እንደ ምላሽ 18 አነጋገር መጀመሪያ የምፈታው እሱን ነው። ገዛሁት።

ምላሽ 27

መካኒኩ ተመለሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሣቴ በፊት አሮጌውን ዘይት እንድቀይር፣ ካንዴላውን ፈትቼ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ በእግር እንድረግጥ፣ የዛገውን ታንክ ትቼ ከትንሽ ዕቃ በቱቦ ንጹሕ ቤንዚን እንዳወርድ አዘዙኝ። ከተነሣ በኋላ ባትሪው ላይ መለኪያ አድርጌ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መድረሱን እንዳይ፣ ካልደረሰ ወይም ካለፈ ግን አዲስ ባትሪ ገዝቼ እንዳላቃጥል ነገሩኝ። ቫልቩን በሚመለከት ለምላሽ 13 ጸሐፊ ሥራዋ ንጹሕ እንደሆነ መስክረው፣ እኔም እሷ በጻፈችው ቅደም ተከተል እንድሄድ ላኩኝ።

ምላሽ 28

ከአሁን በፊት ያልጻፈ ሰው ነበር። ሁለት ክረምት ፈትቶ የገጠመውን ሞተር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ አገር እንዲለቅ ሲታዘዝ፣ ለማያውቀው ወጣት ቁልፉን ሰጥቶ ሄደ። ስሙን ከምዝገባው ሳያስፈታ ስለሄደ የዚያ ወጣት ቅጣት ለዓመት በእሱ ስም ይመጣ ነበር። ምክሩ አንድ ነው፦ የምትለቅበትን ቀን ባታውቅም የስም ማዛወሪያውን ቅጽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቃፊው ውስጥ አስቀምጥ። ሞተሩ ዛሬም በሕልሙ እንደሚመጣበት ጽፎ አበቃ። ማንም ሰው ለጥቂት ሰዓታት ምንም አልጻፈም።

ምላሽ 29 (እኔ)

ተነሣ። ቫልቩ ከተስተካከለ በኋላ ኮምፕሬሽኑ ከፍ አለ፤ ካርቡራተሩ ከሁለት ቀን መዘፍዘፍ በኋላ ተነፋ፤ የፍሬኑ ፒስተን በአዲስ ጎማ ቀለበት ተገጠመ። በዘጠነኛው ርግጫ ሳል ሳል ብሎ ያዘ፤ ጋዙን ስለቅቀውም አልጠፋም። ቮልቱ 14.1 ነው። ጎረቤቶቼ በመስኮት አዩኝ፤ አንዱ እጁን አነሣልኝ። ነገ ሥራ በእሱ እንደምሄድ ጻፍኩ።

ምላሽ 30

የምላሽ 18 ጸሐፊ እንኳን ደስ ያለህ ካለ በኋላ የጎማዎቹን አራት አኃዝ ጠየቀኝ።

ምላሽ 31 (እኔ)

የባትሪ መብራት ይዤ ወረድኩ። የኋላው 3821 ይላል። የፊቱ 1109 ነው። ሁለቱንም ጎኖች ዞሬ አየሁ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን እንደ እንጨት ነው። የፊት ጎማውን ፈትቼ ሞተሩን በድንጋይ ላይ አቁሜዋለሁ፤ አዲስ ጎማ አዝዣለሁ፤ እስከ ሐሙስ ይደርሳል ተብያለሁ። ነገ በእግሬ እወጣለሁ።